ባትሪዋ ተቀይሮ፣ ሞተሪኖዋ ታድሶ ያልተነሳች መኪና፦ ከቱሉ ዲምቱ የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

"መኪናዬ አልነሳ አለች" ብሎ ጋራዥ የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ ኪሱ ተራግፎ ይወጣል። ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው (ሞተሩን ለማስነሳት እስከሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር) ባለው መስመር ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ ሊጠረጠር ስለሚችል በየተራው ይፈታል፣ ይቀየራል፤ ከተቀየሩት አንዱ ዕድል ቀንቶት መኪናዋ ከተነሳች ጥፋቱ እሱ ነበር ይባላል። እዚህ የምናቀርበው ጉዳይ ዕቃው ሁሉ ተቀይሮም ያልተፈታ ነው። ጥፋቱ የነበረው አንድ ክንድ በማትሞላ ገመድ ጫፍ ላይ ሲሆን፣ የተገኘውም ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ በተለካ ቮልቴጅ ነው።

ሥራው የተሠራው በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለች አነስተኛ የመኪና ኤሌክትሪክ መጠገኛችን ውስጥ ነው። የባለመኪናዋንም ሆነ ከእኛ በፊት መኪናዋን የነኩትን ጋራዦች ስም አንጠቅስም።

መኪናዋና የምትሠራው ሥራ

መኪናዋ ሠላሳ ዓመት ያለፋት የጃፓን ሥሪት፣ ቤንዚን የምትጠጣ፣ ማርሿ በእጅ የሚቀየር የቤት መኪና ናት። ባለቤቷ ኮየ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ይኖራሉ፤ እንጀራ አስጋግረው ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች ያከፋፍላሉ። የኋላ ወንበሯ ወጥቶ በምትኩ የእንጨት መደርደሪያ ገብቶላታል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ተጭና ትወጣለች። ከአንዱ ደንበኛ እስከ ቀጣዩ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ቆማ ታወርዳለች፣ ትነሳለች፣ ጥቂት ሄዳ ደግሞ ትቆማለች። በክረምት መንገዱ ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነው፤ ሁለቱም ከመኪናው ሆድ ሥር ይገባሉ።

አዲስ መኪና ግዙ የሚል ምክር እዚህ ቦታ የለውም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ በእጁ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ያንኑ እየጠገነ ማቆየትን መርጧል። በመጠገኛችን ደጃፍ ከሚቆሙት አብዛኞቹ እንደዚህችው ያረጁ ናቸው።

ችግሩ

ባለመኪናዋ ያስረዱን እንዲህ ብለው ነው፦ "ልጄ፣ ጠዋት እያቃሰተችም ቢሆን ትነሳለች። ፀሐይ ወጣ ሲል፣ ጥቂት ሱቆች ካዳረስኩ በኋላ ጠቅ ትልና ዝም። መብራቱ ቦግ ብሎ ይበራል፣ ጡሩምባው ይጮኻል፤ እሷ ግን ወይ ፍንክች! የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ግፉልኝ እያልኩ ለመንኩት፤ አሁንስ ሲያዩኝ መሸሽ ጀምረዋል።"

በሁለተኛ ማርሽ ሲገፏት ወዲያው ትነሳለች። ስለዚህ ቤንዚኑም ሆነ የካንዴላው (የቤንዚን ማቀጣጠያው) እሳት ደህና መሆናቸውን ከመጀመሪያው መገመት ይቻል ነበር። ጥፋቱ ያለው ሞተሩን የመጀመሪያውን ዙር በሚያዞረው ክፍል ነው።

ወደ በሩ ካመሩ በኋላ ዞር ብለው፣ "ደግሞ የነዳጅ ፔዳሏ ከብዶብኛል፤ እግሬን ያመኛል። እግረ መንገዳችሁን ዘይት ነገር አድርጉበት" አሉ። ቀደም ሲል በሄዱበት ጋራዥም ይህንኑ ተናግረው ነበር፤ ዘይት ተደርጎበት ጥቂት ቀን ለስልሶ ተመልሶ ከበደ። ፔዳሉን ከማስነሳቱ ችግር ጋር ያገናኘ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በፊት የተሞከረው

መጀመሪያ ባትሪ ተቀየረ። አዲሱ ባትሪ ለአንድ ሁለት ሳምንት አነሳሷን አቀለለው፤ ከዚያ ወደ ነበረችበት ተመለሰች። ቀጥሎ ሞተሪኖው ወርዶ ለሚዞረው ክፍሉ ኃይል የሚያደርሰው ካርቦን ተቀየረ፣ ውስጡ ታጥቦ ተገጠመ። አሁንም ለጥቂት ቀን ተሻላት። ሦስተኛው ሐሳብ "የቁልፉ ቤት ነው" የሚል ነበር፤ ከመሪው ሥር ቀይ አዝራር ተተክሎ ቁልፉ ተዘለለ። አዝራሩ ምንም ለውጥ አላመጣም።

ከሁሉም በፊት ደግሞ አንድ ሌላ ሥራ ተሠርቶ ነበር፤ ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ፍሪሲዮን ተቀይሯል። ባለመኪናዋ ይህን የነገሩን እኛ ስንጠይቃቸው ነው፤ ከዚህ ችግር ጋር ምንም ግንኙነት ያለው አልመሰላቸውም። ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮው (የማርሹ ሳጥን) ይወርዳል። ካምቢዮው ሲወርድ በእሱ ላይ የታሰረ ነገር ሁሉ ይፈታል።

ቁልፉ ሲዞር ምን ይሆናል

የቤንዚን ሞተር በራሱ አይጀምርም። ፒስተኑ ወርዶ አየርና ቤንዚን ካልሳበ፣ ወጥቶም ካላመቀው፣ ካንዴላው የሚያቀጣጥለው ነገር የለም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ከውጭ የሚያዞረው ኃይል ያስፈልገዋል። በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ድረስ በመጣችው መኪና ዘመን ይህ ኃይል የሰው ክንድ ነበር፤ ከፊት ለፊት በሚገባ ማዞሪያ ሞተሩ ይጠመዘዛል። ማዞሪያው ወደ ኋላ ሲመታ ክንድ ይሰብር ነበር። በኤሌክትሪክ የሚነሳ ሞተር በገበያ ላይ በሚሸጥ መኪና የተለመደው፣ አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው መሣሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 በካዲላክ መኪኖች ላይ ከተገጠመ በኋላ ነው።

ቁልፉ ወደ ማስነሻው ሲዞር ሁለት የተለያዩ መስመሮች ይከፈታሉ። አንደኛው ቀጭኑ መስመር ነው፤ በቁልፉ በኩል አልፎ ሞተሪኖው ጀርባ ላይ ወዳለው ማግኔት ይሄዳል። ማግኔቱ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ትንሿን ጥርስ ገፍቶ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ትልቅ ክብ ብረት) ጥርስ ጋር ያገናኛል፣ በዚያው እንቅስቃሴም ሁለት ትልልቅ የመዳብ ነጥቦችን ያገጣጥማል። ያኔ ሁለተኛው፣ ወፍራሙ መስመር ይከፈትና ከባትሪው በቀጥታ ወደ ሞተሪኖው ኃይል ይለቀቃል። እንዲህ ያለች መኪና ሞተሪኖ ሲዞር ከ100 እስከ 200 አምፔር ይስባል። ሁለት የፊት መብራቶች በአንድነት የሚወስዱት ግን 9 አምፔር ገደማ ነው። መብራቱ ስለበራ "ባትሪው ደህና ነው፣ መስመሩም ደህና ነው" ማለት የማይቻለው በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው።

እሳቱም ከዚሁ ኃይል ይጋራል። ኮይሉ 12 ቮልቱን ተቀብሎ ከ20,000 ቮልት በላይ ያደርሰዋል፤ ይህ ነው በካንዴላው ጫፍ ያለችውን የአንድ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ዘሎ እሳት የሚሆነው። ሞተሪኖው ብዙ ሲስብ ለኮይሉ የሚደርሰው ቮልቴጅ ይወርዳል፣ እሳቱም ይከሳል። በግፊ ስትነሳ ሞተሪኖው ምንም ስለማይስብ ኮይሉ ሙሉ ድርሻውን ያገኛል።

አሁን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግማሽ መንገድ ይመጣል። ከባትሪው ፖዘቲቭ የወጣ ኃይል ሁሉ ወደ ኔጌቲቩ መመለስ አለበት። መኪና ላይ መመለሻው ብረቱ ራሱ ነው፤ ማሳ የምንለው፣ ግራውንድም የሚሉት አሉ። ነገር ግን ሞተሩና ካምቢዮው በጎማ ትራስ ላይ ስለተቀመጡ ከቦዲው ጋር ብረት ለብረት አይገናኙም። ንዝረት እንዳይተላለፍ ታስቦ የገባው ጎማ ኃይልንም ያግዳል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በካምቢዮውና በቦዲው መካከል የሚታሰር አንድ አጭር ወፍራም ገመድ ነው። በዚህች መኪና የባትሪው ኔጌቲቭ በቀጥታ ቦዲው ላይ ታስሯል። ስለዚህ ሞተሪኖው የሳበው ሁሉ መመለስ ያለበት በዚያች አጭር ገመድ በኩል ነው።

ምርመራው

ማርሿን ነፃ አድርገን፣ የእጅ ፍሬኗን ስበን፣ እንዳትነሳ የኮይሉን ሶኬት ነቀልን። አንድ ሰው ቁልፍ ያዞራል፣ ሌላው በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ይለካል። ሞተሪኖው እንዳይቃጠል በአንድ ጊዜ ከአሥር ሰከንድ በላይ አላዞርንም፤ በመካከሉም አሳረፍነው።

ሳትዞር ባትሪው 12.5 ቮልት አሳየ። እየዞረች ሳለ በራሱ በባትሪው ፖሎች ላይ 11.1 ቮልት ሆነ። ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ ይናገራል። ሞተሪኖው እያቃሰተ ሳለ የባትሪው ቮልቴጅ ከ9.6 በታች ወርዶ ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬያችን የደከመ ባትሪ ወይም ውስጡ የያዘ ሞተሪኖ ላይ ይሆን ነበር። እዚህ ግን ባትሪው አልተቸገረም፤ ሞተሪኖው ግን ተርቧል። በመሃል የሚበላ አለ።

ቀጥለን የቴስተሩን አንድ ጫፍ ሞተሪኖው ላይ ባለው ወፍራም ቡሎን፣ ሌላውን በሞተሪኖው ገላ ላይ አድርገን አዞርን፤ 7.9 ቮልት። ከባትሪው ከወጣው 3.2 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የቀረው በየትኛው በኩል ነው? በፖዘቲቩ በኩል፣ ከባትሪው ፖል እስከ ሞተሪኖው ቡሎን፣ 0.3 ቮልት። ለዕድሜዋ መጥፎ አይደለም። በኔጌቲቩ በኩል፣ ከባትሪው ፖል እስከ ሞተሪኖው ገላ፣ 2.9 ቮልት። ደህና በሆነ መኪና ይህ ከ0.2 ወይም ከ0.3 ባይበልጥ ይመረጣል።

ኔጌቲቩን ደግሞ ለሁለት ከፈልነው። ከባትሪው ፖል እስከ ቦዲው 0.1፣ ከቦዲው እስከ ካምቢዮው 2.8። በሁለቱ መካከል ያለው ያቺ አጭር ገመድ ብቻ ናት።

ከመፍታታችን በፊት አንድ ማረጋገጫ አደረግን። ባትሪ ለመዋዋስ የምንጠቀምበትን ወፍራም ገመድ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ማንሻ ብረት ላይ ነክሰን ቁልፉን አዞርን። ሞተሪኖው ተወረወረ። ባለመኪናዋ ድምፁን ሰምተው ከውጭ ገቡ፤ "ይኼ የእሷ ድምፅ ነው? ከገዛኋት ጀምሮ እንዲህ ስትል አልሰማኋትም" አሉ።

በክሪክ አንስተን ከሥር ስናይ ገመዷ ታስራለች። ላይ ላዩን ለሚያይ ጤነኛ ናት። ቡሎኑን ስንፈታ ግን የካምቢዮው ፊት በቀለምና በጠነከረ ቅባት ተሸፍኖ አገኘነው፤ የገመዷ ዐይን ያረፈው በዚያ ላይ ነው። ከቡሎኑ ሥር የሚገባ ሮንዴላ የለውም። የመዳብ ክሮቿ ከዐይኑ አጠገብ አረንጓዴ ዝገት በልተው ብዙዎቹ ተበጥሰዋል፤ ጭቃ በመካከላቸው ደርቋል። ፍሪሲዮኑ ሲቀየር ፊቱ ሳይጸዳ መታሰሩን፣ የቀረውን ደግሞ የኮየ ፈጬ ክረምት መጨረሱን ለመረዳት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ቴስተሩ በኦም ለምን አላየውም?

ከእኛ በፊት ያዩት ሰዎች ማሳውን ጨርሶ አላዩም ማለት ልክ አይሆንም። አንደኛው በመሞከሪያ መብራት ሞክሮት ነበር፤ መብራቷ በራች። ሌላው ቴስተሩን ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) ላይ አድርጎ ለክቶ "ዜሮ ነው፣ ደህና ነው" ብሏል። ሁለቱም ያዩት እውነት ነው። ጥያቄው መብራቷና ቴስተሩ ምን ያህል ኃይል አሳልፈው ጠየቁ የሚለው ነው። ትንሽ አምፑል ለመብራት ከገመዷ አንድ ያልተበጠሰ ክር ይበቃዋል። ሞተሪኖው 140 አምፔር ይስባል ብንል፣ 2.8 ቮልት የሚበላው ተቃውሞ ደግሞ ሲሰላ 0.02 ኦም ነው። የተራ ቴስተር ሽቦዎች የራሳቸው ተቃውሞ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ በኦም ሊታይ አይችልም። የሚታየው ትልቁ ኃይል በእውነት ሲያልፍ ብቻ ነው።

140 በ2.8 ሲባዛ 400 ዋት ገደማ ይሆናል። ይህ ሁሉ በዚያች መጋጠሚያና አማራጭ ባገኘበት መንገድ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ጥቂት ጊዜ ከተነሳች በኋላ የሚብስባት ለዚህ ነው፤ ልል መጋጠሚያ በሞቀ ቁጥር ይበልጥ ይላላል። የማግኔቱም መመለሻ በዚያው በሞተሪኖው ገላ በኩል ስለሆነ፣ ትልቁ ነጥብ ሲገጥም ማግኔቱ ራሱ ኃይል ያጣል። ጠቅ ብላ የምትቀረው ያኔ ነው። መብራቱ ሳይደበዝዝ የሚቆየው ደግሞ መመለሻው ቦዲው ላይ በመሆኑ ነው፤ ከካምቢዮው ገመድ ጋር ጉዳይ የለውም። ጠቅ ስትል መብራቱ ከደበዘዘ ወደ ባትሪውና ወደ ባትሪው ፖሎች መሄድ ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ ግን ወይ ማሳው ነው ወይ የሞተሪኖው የመዳብ ነጥቦች። ባለመኪናዋ "መብራቱ ቦግ ብሎ ይበራል" ሲሉ የሰጡን መረጃ ከተቀየሩት ዕቃዎች ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ ግን ባትሪው ጥሩ ነው የሚል ትርጉም ብቻ ተሰጥቶት ነበር።

የነዳጅ ፔዳሉ ነገር

ኃይል ዋናው መንገድ ሲጠብበት ሌላ ይፈልጋል። ከቦዲ ወደ ሞተር የሚሄድ ብረት ነክ ነገር ሁሉ መንገድ ይሆነዋል፤ ከእነሱ አንዱ ከፔዳሉ ወደ ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ዕቃ) የሚሄደው የብረት ገመድ ነው። ይህ ገመድ ለመሳብ እንጂ ኃይል ለማስተላለፍ አልተሠራም።

አውጥተን ስናየው ውጩ ምንም አይልም። ገመዱን ከሽፋኑ ስንስበው ግን ወደ ሞተሩ በኩል ባለው ጫፍ ላይ አልወጣ አለ። ሽፋኑን በምላጭ ቀድደን ከፈትነው። ውስጡ ያለው ነጭ ፕላስቲክ ቀልጦ በብረቱ ክሮች መካከል ገብቷል፣ ቀለሙም ወደ ቡናማ ተለውጧል። ዘይት ሲደረግበት ጥቂት ቀን የሚለሰልሰውና ተመልሶ የሚከብደው ለዚህ ነበር፤ በተነሳች ቁጥር ዳግም ይቀልጣል። ነገሩ የእግር ምቾት ብቻ አይደለም። ያ ገመድ ከተሳበ በኋላ ተጣብቆ ቢቀር፣ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ አጠገብ ጠዋት ሰው በሞላበት ሰዓት ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት ይቻላል። ፔዳል የከበደባት፣ የማስነሳት ችግርም ያለባት መኪና ከመጣች አሁን መጀመሪያ የምንለካው ማሳውን ነው።

ጥገናው፣ ያልሠራውም ጭምር

የካምቢዮውንና የቦዲውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍገን አጸዳን። በአሮጌው ገመድ ምትክ ከመለዋወጫ ገበያ የመጣ ዝግጁ ገመድ አሰርን። ውፍረቱ ደስ ይላል። ሲለካ ግን 0.7 ቮልት ይበላል፤ ከጥቂት ማስነሳት በኋላም በእጅ ሲነካ ይሞቃል። ላስቲኩን ስንልጥ አብዛኛው ውፍረት ላስቲክ ነው፤ ክሮቹን በቢላ ስንፍቅ ደግሞ መዳቡ ከላይ ተቀብቶ ውስጡ ነጭ አሉሚኒየም ሆኖ ተገኘ። አሉሚኒየም በተመሳሳይ ውፍረት ከመዳብ ያነሰ ያሳልፋል፤ ጭቃና እርጥበት ባለበት ከመዳብ ጋር ሲገናኝም ቶሎ ይበላል። ገመድ ሲገዛ በቀለሙና በውፍረቱ መታለል ቀላል ነው፤ አንድ ክር መፋቅ ግን የደቂቃ ሥራ ነው።

ያንን አውጥተን ከብየዳ ማሽን ገመድ ቆርጠን ሠራን። የብየዳ ገመድ ክሩ ቀጭንና ብዙ ስለሆነ ከሞተሩ ጋር ሲንቀጠቀጥ ቶሎ አይበጠስም። በሁለቱም ጫፍ የመዳብ ዐይን አጥብቀን ጨምቀን፣ በጥርስ ሮንዴላ አስረን፣ ከላይ ግሪስ ቀባነው። ግሪሱ ብረት ለብረት ከተገናኘ በኋላ የሚቀባ ነው፤ ዓላማው ውኃ መከልከል ነው። ሲለካ 0.15 ቮልት ሆነ። ሞተሪኖው የሚያገኘው ከ10 ቮልት በላይ ገባ፣ አዟዟሩም ተለወጠ።

ቀዩን አዝራር ነቀልን። አዝራሩ ችግሩን ሳይፈታ ሌላ አምጥቶ ነበር፤ ማግኔቱ ሲጀምር የሚስበውን በአሥሮች የሚቆጠር አምፔር በቀጭን ሽቦ ያሳልፋል፣ ቁልፍ ሳይዞርም ልጅ ቢነካው መኪናዋ ማርሽ ውስጥ እንዳለች ትስፈነጠራለች። የነዳጁ ገመድ በአዲስ ተተካ።

በዚህ አበቃ ብለን ሸኘናቸው። ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ፤ አሁን ባትሪው ራሱ ደክሟል። ይህ ሁለተኛ ጥፋት ነው፤ ከመጀመሪያው ጋር ተደርቦ ስለነበር ተሸፍኗል። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ መብራት በርቶ 13.1 ቮልት ብቻ ይሰጣል፤ 13.8 እስከ 14.4 መሆን ነበረበት። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ ይንሸራተታል። ሲጠበቅ ወደ 14.1 ወጣ።

ባለመኪናዋ ባትሪውን የሚጨርሰው "አሥር ጊዜ ማስነሳቱ" ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ብዙ አሽከርካሪም ይህን ይላል። ሒሳቡ አያስኬድም። በአንድ ማስነሳት 140 አምፔር ለሦስት ሰከንድ ቢሳብ ከ0.12 አምፔር ሰዓት አይበልጥም፤ 45 አምፔር ሰዓት ለሚይዝ ባትሪ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ባትሪውን የሚያራቁተው ሌላ ነው፦ በጨለማ እንጀራ ሲወርድ ሞተሩ ጠፍቶ የፊት መብራቱ ይበራል። በየሱቁ የሚጠፋው ደቂቃ ተደምሮ አንድ ሰዓት ቢሆን 9 አምፔር ሰዓት ነው፤ ከባትሪው አንድ አምስተኛው። "እትዬ፣ ለማውረጃ የእጅ ባትሪ ይያዙ፣ የመኪናዋን መብራት ያጥፉት" አልናቸው። "ይኼን ያህል ወር ገንዘቤን የበላው የእጅ ባትሪ አለመግዛቴ ነው?" ብለው ሳቁ። ከፊሉ፣ አዎ።

ለሌላ መኪና የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ መኪና የሚሻገረው ዋናው ነገር የአለካኩ ቅደም ተከተል ነው። ሞተሪኖው እየዞረ በባትሪው ፖል ላይ፣ ከዚያ በሞተሪኖው ላይ ይለካል፤ የሁለቱ ልዩነት መንገድ ላይ የቀረው ነው። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ ይከፈላል፣ የባሰበት ደግሞ እንደገና ለሁለት ይከፈላል፤ አንድ መጋጠሚያ እስኪቀር ድረስ። የሚያስፈልገው ተራ ቴስተርና ቁልፍ የሚያዞር ሰው ነው፤ ምንም ሳይፈታ ያልቃል። ባትሪ ሊገዛ የተነሳ ሰው ይህን አስለክቶ ቢሄድ ባትሪው በእርግጥ የሚያስፈልገው መሆኑን ያውቃል።

ከባለቤቱ ጋር የሚደረገውም ወሬ የምርመራው አካል ነው። "ከዚህ በፊት ምን ተሠራላት?" ብሎ መጠየቅ፣ መልሱ ከማስነሳት ጋር የማይገናኝ ቢመስልም መስማት ያስፈልጋል። ካምቢዮ የወረደ፣ ሞተር የወጣ፣ ቦዲ የተበየደ ወይም ቀለም የተቀባ መኪና ከሆነ ማሳው ተነክቷል ብሎ መነሳት ይሻላል። ፍሪሲዮን የሚቀይር ባለሙያ ደግሞ መኪናዋን ከማስረከቡ በፊት ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ካምቢዮው ያለውን ቢለካ ሥራውን ብዙም አያዘገይበትም።

አለካኩ ወሰን አለው። ሞተሪኖው ጠቅ እንኳ ካላለ ኃይል ስለማያልፍ የሚለካ ነገር የለም፤ ያኔ ቀጭኑን መስመር፣ ማለትም ቁልፉን፣ ሪሌውንና ፊውዙን መከተል ነው። ቁልፋቸው ውስጥ ቺፕ ያላቸው መኪኖች ሞተሪኖው በደንብ እየዞረም ላይነሱ ይችላሉ፤ እዚያ ጉዳዩ ከማሳ ጋር አይገናኝም፣ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም። በኢንጀክሽን (በኮምፒውተር በሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ) የሚሠሩት ላይ ደግሞ ልል ማሳ ኮምፒውተራቸውን ስለሚያሳስተው ምልክቱ ከማስነሳት ያልፋል፤ ሴንሰር ተበላሸ የሚል ኮድ ያመጣና ሰው ሴንሰር ይገዛል።

አሁን በከተማው እየበዙ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ሞተሪኖ የላቸውም። ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ግን አብዛኞቹ ውስጥ አለች፤ ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኙትን ማብሪያዎችና ኮምፒውተሩን የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። እሷ ከደከመች ወይም መጋጠሚያዋ ከዛገ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናዋ አትንቀሳቀስም። የትልቁ ባትሪ መስመር በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስላለውና ብርቱካናማ ገመዶቹን መንካት ሊገድል ስለሚችል፣ ባለቤቱ ቢሞክር የሚፈቀድለት የትንሿን 12 ቮልት ባትሪ ፖሎች መለካት ብቻ ነው፤ የቀረው የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው።